ገበታ፦ የእንጀራም የፊደልም

(ለመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)

የዛሬው ንግግሬ ስለ ምግብና ስለ ትምህርት ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። መልሱን ሩቅ ሳንሄድ ከራሳችን ቋንቋ እንጀምር። እንጀራና ወጥ ቀርቦ ቤተሰብ የሚከበው ነገር ምን ይባላል? ገበታ። ሀ ሁ ሂ ተደርድሮበት ልጅ የሚማርበትስ? እሱም ገበታ ነው፤ የፊደል ገበታ። አያቶቻችን ለሁለቱ አንድ ስም መስጠታቸው ያለ ነገር አይመስለኝም።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ወጥቼ አንደኛ ክፍል በተመደብኩበት ዓመት፣ «ለሒሳብ ትምህርት ባለ ቀለም የፕላስቲክ መቁጠሪያ ገዝታችሁ ኑ» ብዬ ተማሪዎቼን አዘዝኳቸው። ዋጋው ለኔ ትንሽ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ አንድ ልጅ ቀረ። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ቀን አልመጣም። በአምስተኛው ቀን አያቱ እጁን ይዘው መጡ። የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱና ጠረጴዛዬ ላይ ባቄላ ዘረገፉ።

«ልጄ፣ ይኼ አይቆጠርም ወይ?» አሉኝ።

«ይቆጠራል እንጂ፣ እማማ» አልኩ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ባቄላ ግን ስቆጥር ነው የኖርኩት» አሉና ልጁን ትተውልኝ ሄዱ።

ልጁ ከትምህርቱ የቀረው በድኽነቱ ሳይሆን በኔ ትእዛዝ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ በልቤ ቀረ፤ ሰው ከጥንት ጀምሮ በእህል ሲማርና ሲያስተምር ከኖረ፣ ወጥ ቤታችን የትምህርት ቦታ አይደለም ብለን እንድናምን ያደረገን ምንድን ነው? የዛሬው ንግግሬ ያንን ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ነው።

በመጀመሪያ የአገራችንን እንይ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚማረውን ልጅ ሕዝባችን «የቆሎ ተማሪ» ይለዋል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየደጃፉ ቁራሽ እየለመነ፣ ከተራበም ቆሎ እየቆረጠመ ስለሚማር ነው ይህ ስም የወጣለት። ተማሪው በሚበላው እህል ሲጠራ እዩ! ፊደሉንም የሚማረው ጣቱን ወይም ስንደዶ ይዞ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጠራ ነው። ለዚህም ነው «ፊደል ቆጠረ» የምንለው። ባቄላ እንደሚቆጠር ፊደልም አንድ በአንድ ይቆጠራል።

የሚጻፍበት ቀለምም ከወጥ ቤት የራቀ አልነበረም። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከድስትና ከምጣድ ሥር የሚፋቅ ጥላሸትን፣ እስኪከስል ድረስ የተቆላ ገብስን ወይም ስንዴን፣ ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠልንም ጨምረው ነው። ሁሉም ይወቀጣል፤ በውኃ ይበጠበጣል፤ ለወራት ይቀመጣል። ከዚያ የመቃ ብዕር እየተነከረ ይጻፍበታል። እንግዲህ ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ የምናደንቃቸው የብራና መጻሕፍት የተጻፉት ባረረ እህልና በድስት ጥላሸት ነው ማለት ይቻላል። «ቀለም» የሚለውም ቃል ከዚያ ወዲህ ትምህርት ማለት ሆኖ ቀርቷል። ጎበዙን ተማሪ ቀለሜ እንለዋለን።

ይህ የኛ አገር ብቻ ነው ወይ? አይደለም። ወደ ሌላው ዓለም እንሻገር። የውጭውን አገር ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሆራስ የተባለው የሮማ ባለ ቅኔ፣ ከክርስቶስ ልደት 35 ዓመት ያህል በፊት በጻፈው ሥራው፣ በዘመኑ የነበሩ ደግ አስተማሪዎች ሕፃናት የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች እንዲወዱ ትናንሽ ጣፋጭ ቂጣ ይሰጧቸው እንደነበር ያነሳል። እንግዲህ ነገሩ ከ2000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

በመካከለኛው ዘመን፣ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በጀርመንና በሰሜን ፈረንሳይ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ ደግሞ ልጅ ትምህርት የሚጀምርበትን ቀን በዓል ያደርጉት ነበር። የዎርምስ ከተማ ሰው የነበረው ሊቁ ኤልአዛር ሥርዓቱን ጽፎ አቆይቶልናል። ሕፃኑ ወደ መምህሩ ይወሰዳል፤ ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ ይቀርብለታል፤ መምህሩ እያነበበ ሕፃኑ ይከተላል። ከዚያ በፊደሎቹ ላይ ማር ይቀባና ልጁ በምላሱ ይልሰዋል። ቃል የተጻፈበት የማር ቂጣና የተቀቀለ እንቁላልም ይበላል። የነገሩ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ስለ ፊደል የሚያውቀው ነገር ጣፋጭነቱን ነው። አንዳንዶቻችን ግን በመጀመሪያው ቀን ያወቅነው የአለንጋን ጣዕም እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሰዋል።

በእንግሊዝ አገር እጀታ ባለው ትንሽ እንጨት ላይ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት እየተለጠፈ፣ ወረቀቱም እንዳይቆሽሽ በስሱ በተፋቀ ቀንድ እየተሸፈነ ልጆች ይማሩበት ነበር። ጋጋሪዎች ይህንኑ ቅርጽ በዝንጅብል ዳቦ እየሠሩ ይሸጡ ጀመር። ማቲው ፕራየር የተባለው ባለ ቅኔ በ1718 ባሳተመው ግጥም ይህንን አንስቶታል፤ ልጁ ያወቃትን ፊደል ይበላታል። በጀርመንም ዮሐን ባዜዶ በ1774 በዴሳው ከተማ አዲስ ዓይነት ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጅ በዱላና በጩኸት ሳይሆን በጨዋታ ይማር የሚል ሰው ነበር። ከሊጥ የተጋገሩ ፊደሎችን ልጆች እየለዩ፣ እየጠሩ እንዲበሉ ይመክር ነበር። ብዙ ሰው ሳቀበት። ሐሳቡ ግን አልሞተም።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ የፍሪድሪክ ፍሮበል ታሪክ ነው። ፍሮበል በ1782 ጀርመን አገር ተወለደ። ገና የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለ እናቱ ሞቱበት። እናት ያጣው ይህ ሰው ኋላ ዕድሜውን ያሳለፈው እናቶች ልጆቻቸውን በጨዋታ እንዴት እንደሚያስተምሩ በማሰብ ነው። በ1837 ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ሥራውን ጀመረ፤ በ1840ም ቦታውን የልጆች አትክልት ስፍራ ብሎ ሰየመው። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በ1844 ደግሞ ለእናቶች የእንጉርጉሮና የጣት ጨዋታ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከጨዋታዎቹ አንዱ በመዳፍ እያጨበጨቡ ቂጣ የመጋገር ጨዋታ ነበር።

ፍሮበል ካዘጋጃቸው የእጅ ሥራዎች አንዱ በአተር የሚሠራ ነው። ደረቅ አተር ውኃ ውስጥ ይነከራል። ሲለሰልስ ልጆቹ ቀጫጭን እንጨቶችን እየሰኩ ቤት፣ ወንበር፣ ድልድይ ይሠራሉ። አተሩ ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ስለሚይዘው የተሠራው ነገር ይጠነክራል። ምስማርም ሙጫም አያስፈልገውም። የሚያሳዝነው የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 መዋዕለ ሕፃናቱን አገደ። ፍሮበልም እገዳው ሳይነሳ በ1852 ሞተ። እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። ነገር ግን ተማሪዎቹ ሐሳቡን ይዘው ወደ ሌሎች አገሮች ተሰድደው ነበር።

ከነዚህ አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በ1899 በማሳቹሴትስ ግዛት በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አንድ የአራት ዓመት ልጅ አተርና እንጨት ተሰጠው። ዓይኑ በጣም ደካማ ነበር፤ መነጽርም ገና አልተገዛለትም። ሌሎቹ ልጆች የቤትን ቅርጽ አይተው ያውቃሉና አራት ማዕዘን ሣጥን ሠሩ። እሱ ግን ስለማያይ በእጁ እየዳሰሰ፣ የቱ ቅርጽ ሲነካ እንደማይወላገድ ፈለገ። ያገኘውም ሦስት ማዕዘን ነው። አስተማሪዋ ተገርማ ሌላዋን አስተማሪ ጠርታ አሳየቻት ብሎ እሱ ራሱ ኋላ ይተርክ ነበር። ይህ ልጅ በክምኒስተር ፉለር ነው። በ1967 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ 76 ሜትር ስፋትና 62 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሦስት ማዕዘኖች የተያያዘ ክብ ሕንፃ ያቆመ ሰው ነው። የሐሳቡ መጀመሪያ ጥቂት የራሰ አተር ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እንማራለን? ማሩን ቀቢው፣ ቂጣውን ጋጋሪው፣ አተሩን ነካሪው ሁሉ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ልጅ የሚማረው በጆሮው ብቻ አይደለም። በእጁ ሲዳስስ፣ በዓይኑ ሲያይ፣ በአፍንጫው ሲያሸት ነገሩ አብሮት ይቀራል። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፦ ይህንን ለማድረግ የሚያስፈልገው ዕቃ ያለው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የወጥ ቤቱ ባለቤት ማን ነው? ብዙ ጊዜ እናት ናት፤ አያት ናት። «እኔ ያልተማርኩ፣ ለልጄ ምን ላግዘው?» የምትለዋ ራሷ ናት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ አይደለምን?

«በእህል መጫወት ነውር ነው» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። እኛ በ1966ም በ1977 ዓ.ም.ም የረኀብን ፊት ያየን ሕዝብ ነን። እህል ሲረገጥ ማየት ያመናል፤ ሊያመንም ይገባል። ስለዚህ በኔ ክፍል አንድ ሕግ አለ፤ የተማርንበት እህል ይታጠባል፣ ይበስላል፣ ይበላል። ትርፍ እህል የሌለው ቤት ደግሞ በማይበላው ይማር። የበቆሎ ቆረቆንዳና ቅርፊቱ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የአቮካዶ ፍሬ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሁሉ ለመቁጠሪያም ለእጅ ሥራም ይሆናሉ። ደግሞም ባቄላን አንድ በአንድ የቆጠረ ልጅ ባቄላ አይደፋም፤ የእህልን ዋጋ ያውቃልና።

አሁን በቤታችሁ የምትሠሯቸውን አምስት ነገሮች ልንገራችሁ። የምታነቡ፣ ለማያነበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።

1ኛ፦ በዱቄት መጻፍ። ንጹሕ ሰፌድ ወይም ትሪ ላይ አንድ እፍኝ ዱቄት በስሱ በትኑ። ልጁ በጣቱ ፊደል ይጻፍ። ከተሳሳተ በመዳፉ ዳበስ አድርጎ እንደገና ይጀምራል። ደብተር ላይ የተሳሳተ ፊደል ሲጠፋ ጠባሳው ይቀራል፤ ልጁም ያፍራል። ዱቄት ግን ስሕተትን አያስቀምጥም። ሲያበቃ ዱቄቱ ተነፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የልጁ እጅ አስቀድሞ ይታጠብ።

2ኛ፦ የሊጥ ፊደል። ሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ ለማቡካት የሚበቃ ውኃ። ጠንከር ተደርጎ ይቦካ፤ ጥቂት ይረፍ። ልጁ ሊጡን እያንከባለለ እንደ ገመድ ያርዝመው። ከላይ አንድ አግዳሚ፣ ከታች ሁለት እግር፤ በ ሆነ። ከቀኝ እግሩ መሐል ወደ ውጭ ትንሽ ቁራጭ ስንጨምር ቡ። ቁራጩን ወደ እግሩ ጫፍ ስናወርደው ቢ። የግራ እግሩን ስናሳጥር ባ። የቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ቀለበት ስናደርግ ቤ። ቁራጩን በግራ ጎኑ ስናደርገው ብ። የቀኝ እግሩን ስናሳጥር ቦ። ልጁ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያገኘው ትልቅ ምሥጢር ይኼ ነው፤ ፊደላችን እንዲያው የተበተነ አይደለም፣ ሥርዓት አለው፤ ብዙዎቹ ቤቶች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። ከዚያ በምጣድ ይጋገር፤ ስሟን የጠራ ይብላት። ጥሬውን ሊጥ ግን እንዳይበሉ።

3ኛ፦ የሽምብራ ቤት። ሽምብራ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይደር። ጠዋት ቀጫጭን ንጹሕ ስንጥር ቆርጣችሁ ስጧቸው። በሦስት ሽምብራና በሦስት ስንጥር ሦስት ማዕዘን፣ በአራትና በአራት አራት ማዕዘን ይሥሩ። ከዚያ ሁለቱንም በጣት ገፋ ያድርጓቸው። አራት ማዕዘኑ ይዘማል፤ ሦስት ማዕዘኑ አይነቃነቅም። የቆርቆሮ ቤታችሁን ጣሪያ ከውስጥ ቀና ብላችሁ እዩ፤ አናጢው ለምን እንጨቱን አግድም እንደመታው ልጁ ራሱ ይነግራችኋል። በአራት ሽምብራና በስድስት ስንጥር ደግሞ በየትም ወገን ብታስቀምጡት የሚቆም ቅርጽ ይወጣል። ሲጨርሱ ሽምብራው ታጥቦ ንፍሮ ይሁን።

4ኛ፦ ገበጣ። ባለ 30 የእንቁላል ካርቶን አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ አለው። ሁለቱን ረድፍ ቆርጣችሁ ብታወጡ 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ አገኛችሁ። ካርቶን ከሌለ መሬት ላይ መቆፈር ይቻላል። በየጉድጓዱ አራት አራት ባቄላ ስታደርጉ ስንት ይሆናል? 48። ልጁ ማባዛትን ሳያውቅ አባዛ። ሕጉ በየአገሩ ይለያያልና በአካባቢያችሁ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ እነሱም ደስ ይላቸዋል።

5ኛ፦ የወጥ ቤት ንባብ። ይኸኛው ለአዋቂዎችም ነው። በየዕቃው ላይ የውስጡን ስም ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ቡና። በቀን ሦስት ጊዜ ወጥ ቤት የሚገባ ሰው ሳያስበው በቀን ሦስት ጊዜ ያነባል።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። ባቄላም ሽምብራም ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፤ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርበታል፤ አፍንጫውና ጆሮው ውስጥም ይከተዋል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ሰው ሳይኖር በስንጥርና በምጣድ አጠገብ አይተዉ።

አምስተኛውን ለአዋቂዎችም ነው ያልኩት በምክንያት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጀመሪያ በ5፣ ኋላም በ15 የአገራችን ቋንቋዎች አስተምሯል። በ1980 በአውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የማንበብ ሽልማት አግኝቷል። ስንቱ ገበሬ፣ ስንቷ እናት ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችው ያን ጊዜ ነው። ይሁንና የሚያነቡት ነገር በእጃቸው ስላልነበረ ብዙዎቹ የተማሩትን መልሰው ረሱት። ፊደል እንደ እሳት ነው፤ ካልጫሩት ይጠፋል። እሳት ደግሞ የሚጫረው ምድጃ ላይ ነው፤ ምድጃውም ቤታችሁ ውስጥ አለ።

ባቄላውን ያመጡልኝ እማማ በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደገና ወደ ክፍሌ መጥተው ነበር። የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ ሰፌድ ላይ ዱቄት በትኖ የሳቸውን ስም እየጻፈ ያሳያቸዋል። «እስካሁን ሁለቱን ፊደል ይዣለሁ» አሉኝ። «ሦስተኛዋ ትጠመዝዘኛለች።» ሦስተኛዋን ፊደል ጠረጴዛዬ ላይ በባቄላ ደርድሬ አሳየኋቸው። እያንዳንዷን ባቄላ በጣታቸው እየነኩ ቅርጿን ሁለት ጊዜ ተከተሉና ባቄላውን ለቅመው ወደ ነጠላቸው ጫፍ መለሱት።

አድማጮቼ፣ እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ድረስ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ራት ተበልቶ ገበታው ሲነሳ፣ በቦታው አንድ ሰፌድ ዱቄት አስቀምጡና በቤታችሁ ካሉት ሰዎች ስሙን መጻፍ የማይችለውን ሰው «ና ቁጭ በል» በሉት። ደኅና ሁኑ።